አራት ጊዜ የወደቅኩበት ፈተና

እኔ ሙሉወርቅ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያውም አንድም ጥያቄ ሳይከብደኝ። ጭሮ መጥታችሁ «ያቺ የምትወድቀው ሴትዮ» ብትሉ ባጃጁ የት ነው ብሎ አይጠይቃችሁም፤ በቀጥታ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ያወርዳችኋል። ቆይ አትሳቁ፤ መጀመሪያ ስሙኝ።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። መንጃ ፈቃድ የምንሰጥና የምናድስ ነን፣ እሱ ይበቃችኋል። ከጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ሰርቨሩ ያለው እዚያ ነው። ሰርቨር የምላችሁ የሾፌሩን ሁሉ ስም፣ ፎቶና አሻራ ይዞ ሲያጓራ የሚውል ጥቁር ሳጥን ነው፤ እሱ ከቆመ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። አሥራ ስምንት ዓመት በሕይወት ያቆየሁት እኔ ነኝ። የተቀጠርኩት በታይፒስትነት ነበር። ሰርቨሩን የተከሉት ሰዎች በሦስተኛው ቀን ጥለውት ሲሄዱ መመሪያውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ገጽ በገጽ ቆፈርኩት። ዲግሪ የለኝም፣ ዲፕሎማም የለኝም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንዳመመው እነግራችኋለሁ።

ጌዲዮን የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ። ዲግሪ አለው፣ ትሕትና አለው፣ ሰርቨር ግን ይፈራል። ስጠራው «አቤት እትዬ ሙሉ» ብሎ ብድግ ይላል፤ ካቻቢቴ አቀብለኝ ስለው ደግሞ ወዲያው ስልክ ይደወልለታል።

መስከረም ላይ ሰርኩላር መጣ። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ተፈትኖ የሙያ ፈቃድ ያውጣ ይላል፤ እንደ ሐኪም፣ እንደ ሾፌር ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ያረጀሁት ፈቃድ የሚሰጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ሳይፈተን መሪ አይጨብጥ ባይ ነኝ። ደግሞም ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሙሉወርቅ ይህን ታውቃለች የሚል አንድ ወረቀት በስሜ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። አምሮኝ ነበር።

ኃላፊያችን አቶ አብዱረዛቅ ሰበሰቡንና ሰርኩላሩን ያነቡልን ጀመር።

«ፈቃድ የሌለው ሰው ሰርቨር አይነካም። ተፈታኝ ከሆነ በፈተና ሰዓት፣ ፈታኙ ፊት ብቻ ይነካል። የወደቀ እንደገና እስኪፈተን ባለበት ይቆያል። ያለፈ ደግሞ…» ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ «ያለፈ ፈቃዱ እጁ እስኪገባ ድረስ ከሰርቨሩ ርቆ ሌላ ቦታ ይመደባል።»

«ያለፈ ነው ያሉት ወይስ የወደቀ?» አልኩ።

«ያለፈ ነው የሚለው ሙሉ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ያለፈ ሰው ምን አጠፋ?»

«ወረቀት ሳይዝ አልፌያለሁ እያለ እንዳይነካካ ነዋ። እኔ ምን ላድርግ፣ እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ሌላ ቦታ ማለትስ የት ነው?»

አቶ አብዱረዛቅ መስኮቱን አዩ። «ቦርደዴ መዝገብ ቤት ሰው ጎድሏል» አሉ።

ቦርደዴን አልሰድብም፤ ደጋግ ሰዎች አሉበት። እኔ ግን የጭሮ ብርድ ያሳደገኝ፣ ደም ግፊት ያለብኝ ሴት ነኝ። እዚያ ቆላ አንድ ወር ብቀመጥ ሬሳዬን በአይሱዙ ነው የሚመልሱት። «ፈቃዱ ቶሎ ከደረሰ ግን ቶሎ ትመለሻለሽ» አሉ አቶ አብዱረዛቅ፣ ለማጽናናት።

ስለ ቶሎ ለማጣራት ለገለምሶዋ እንቁ ደወልኩላት። እንቁ እንደኔ የሰርቨር ሰው ናት፤ ሕጉ በሙከራ ላይ ሳለ ከጌዲዮን ጋር አንድ ቀን ተፈትና አልፋለች። እሱ በሽምደዳ አለፈ፣ እሷ በዕውቀት አለፈች፤ ካርዱ ግን በምዝገባ ተራ ነበርና የታደለው መጨረሻ የቀረችው ካርድ ለጌዲዮን ደረሰችው።

«እስካሁን አልመጣልሽም?» አልኳት።

«ካርዱ አልቋል፣ ሲመጣ እንደውላለን ነው የሚሉኝ» አለች። «ስምንት ወር ሆነኝ ሙሉዬ። ቦኬ ወስደው መዝገብ ላይ አስቀምጠውኛል። ገለምሶ ያለውን ሰርቨሬን ደግሞ ባክአፕ ሳይወስዱ አቃጠሉት አሉኝ። አልፌ ምን አተረፍኩ?»

ስልኩን ዘጋሁና ትንሽ አሰብኩ። ያለፈ ይባረራል፤ የወደቀ ባለበት ይቆያል። እንግዲያውስ ሙሉወርቅ ትወድቃለች አልኩ።

ፈተናው በየመሥሪያ ቤቱ በራሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚሰጠው፤ እኛ ጋ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ፈታኙ ኃይለሚካኤል ይባላል። ከአዳማ የተላከ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው፤ በሞተር ጭሮን፣ ገለምሶን፣ ቦኬንና ቦርደዴን ያዳርሳል። በቆዳ ጃኬቱ ውስጥ ከረባት ያስራል፣ ሄልሜቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይገባል፣ ሳቅ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ ዞር ብሎ አያውቅም። ነጥቡን ሲያስረዳኝ በጥሞና ሰማሁት። ተግባሩ ከስልሳ፣ ጽሑፉ ከአርባ፣ ማለፊያው ሰባ።

ተግባሩን መውደቅ አልችልም፤ ሰርቨሬ ነው፣ እንዴት አድርጌ እጄን ክፉ ላድርግበት? ስለዚህ ስልሳውን ከስልሳ አመጣለሁ። በጽሑፉ ዘጠኝ ብቻ ማምጣት አለብኝ ማለት ነው። አሥር ካመጣሁ ቦርደዴ ገባሁ። አርባ ጥያቄ ላይ በልክ ዘጠኝ ማምጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሠላሳ አንዱን አጣርቶ ለመሳት መልሱን ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ባክአፕ ለምን ያስፈልጋል?» ይላል ጥያቄው። «ሰርቨሩ ሲደክመው እንዲያርፍ» ብዬ ጻፍኩ።

«ፓስወርድ መቼ ይቀየራል?» «ባለቤቱ ሲሞት።»

«የሰርቨር ክፍል ለምን ቀዝቃዛ ይሆናል?» «ሥጋው እንዳይበላሽ።» እዚህች ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሳልኩ።

ኃይለሚካኤል አርሞ ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀ። «ስልሳ ዘጠኝ። በአንድ ነጥብ! ያሳዝናል ወይዘሮ ሙሉወርቅ። እጅዎ ያውቃል፤ በልምድ ነው እንጂ በዕውቀት አይደለም። ጭንቅላትዎ አልተማረም።»

ደሜ ፈላ። አንተ ከእናትህ ሆድ ሳትወጣ ብዬ ልጀምርለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቦርደዴን አሰብኩና ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን እንዲህ ሆነ። አቶ አብዱረዛቅ የሰርቨሩ ክፍል ደፍ ላይ ቀይ ቀለም አስቀቡ። እኔ ከቀዩ መስመር ወዲህ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ጌዲዮን ፈቃዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመስመሩ ወዲያ ይገባል።

«ሦስተኛውን ተጫን።»

«ይሄን?»

«እሱ አራተኛው ነው ጌዲዮን።»

«እሺ እትዬ ሙሉ። አሁን ምን አለ ይሄ?»

«አንብብልኝ እንጂ አትጠይቀኝ!»

እሱ ጣት፣ እኔ ጭንቅላት። ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ በፈተና ስም ገብቼ የአሥራ አምስት ቀን ጥፋቱን በሁለት ሰዓት አጸዳለሁ፤ አቧራውን አራግፋለሁ፣ ባክአፑን እወስዳለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ዘጠኜን አመጣለሁ። ሥራው ሄደልኝ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ውጤቱ ይለጠፋል። በሩ ጋ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ሾፌር ሁሉ በሚሰለፍበት፣ «ሙሉወርቅ፦ ብቁ አይደለችም» ተብሎ ከነማህተሙ። አብዱልቃዲር የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፤ ሰው ለማምጣትም ለመውሰድም በራችንን አይለቅም። ሰሌዳውን እንደ ሬዲዮ ያነበዋል።

«አዴ ሙሉ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? እኔ እንኳን በሁለተኛው አልፌያለሁ፤ ያውም ወደ ኋላ መንዳቱን!»

«ዞር በል ወዲያ!» እለዋለሁ፤ ሰልፈኛው ይስቃል።

እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ የማኅበሬ ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ እጄን ይዛ «ለቁልቢ ገብርኤል ብትሳዪስ?» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እንዳልወድቅ ልትጸልይልኝ ነው። ለምኚልኝ ብላት ጸሎቷ ይሰማና አልፋለሁ፤ አይሆንም ብላት ክህደት ይሆናል። «ብቻ የሚሻለውን ያድርግልኝ» ብዬ አመለጥኩ።

በሦስተኛው ውድቀት ማግስት ዩስራ፣ ጸሐፊያችን፣ ሰነድ ሰጥታኝ «እትዬ ሙሉ ይነበብልዎት?» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አዝናልኝ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ኮምፒውተሯ በተበላሸ ቁጥር ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል? አውቄ የወደቅኩት እኔው ራሴ፣ ሰው ሲያምነኝ አንጀቴ ያረረውም እኔው ራሴ።

በአራተኛው ፈተና እጄ እምቢ አለኝ። እርሳሴን አንስቼ አርባውንም በትክክል ጻፍኳቸው። ባክአፕ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ፓስወርድ መቼ እንደሚቀየር፣ ክፍሉ ለምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ሁሉንም። ጽፌ አየኋቸው። እንዴት ያምራሉ! ትንሽ ካየኋቸው በኋላ ላጲሱን አነሳሁና ሠላሳ አንዱን አጠፋሁ፤ በላያቸው ላይ የእብደቴን ጻፍኩ። ስልሳ ዘጠኝ።

«እርስዎ ተስፋ የለዎትም» አለ ኃይለሚካኤል። ወረቀቶቼን አራቱንም ፋይሉ ውስጥ አስገባና ሄደ።

ከዚያ የታኅሣሡ ሰኞ መጣ።

እሁድ መብራት ጠፍቶ ውሎ ሰኞ ጠዋት ተመለሰ። በሩ ላይ አርባ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። መጀመሪያ የገባው አብዱልቃዲር ነው፤ ፈቃዱ ሊታደስ። ጌዲዮን ስሙን አስገባ፣ አሻራውን አስነካው፣ ከዚያ ስክሪኑን ደጋግሞ አየ።

«አብዱልቃዲር፣ ዕድሜህ አልደረሰም ይላል።»

«ለምኑ?»

«ለመንዳት። አሥራ ሰባት ዓመትህ ነው ይላል።»

«ወላሂ እኔ የሦስት ልጆች አባት ነኝ! ትልቋ አራተኛ ክፍል ናት!»

እኔ ከቀዩ መስመር ወዲህ ሆኜ ወዲያው ገባኝ። «ሰዓቱ ነው» አልኩ። «ማሽኑ አሥራ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ዛሬን ሞልተህ አስተካክለው ጌዲዮን።» አስተካከለው። ወዲያው መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋና መጣ፤ አብዱልቃዲር እንደገና አሥራ ሰባት ሆነ።

ሰርቨሩ ውስጥ የሳንቲም ያህል ክብ ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምትይዝለት እሷ ናት። ሞታለች ማለት ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ በአዲስ መተካት አለባት። «ካቻቢቴውን አንሳ» አልኩት ጌዲዮንን።

ጌዲዮን አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። «እትዬ ሙሉ፣ የእኔ ፈቃድ ሳጥን መክፈት አይጨምርም። ተመልከቺ፣ አንደኛ ምድብ ነው የሚለው።» ሲጨንቀው አንቺ ይለኛል።

ይሄንስ እውነቱን ነው። የባጃጅ ፈቃድ ይዞ አይሱዙ እንደማይነዳ እኛው ነን ስናስተምር የኖርነው። አቶ አብዱረዛቅ መጡ፣ ግንባራቸውን ያዙ። ሰልፉ መንጫጫት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ኃይለሚካኤል ሄልሜቱን ታቅፎ፣ ያለ ሞተር፣ በእግሩ የገባው። የቁልቢ ሰሞን ነውና ትራፊኮቹ አስፋልቱ ላይ አንድ በአንድ ያያሉ። የእሱ መንጃ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሳታሳድስ ሞተሩን አታገኝም ብለውታል።

«ረቡዕ ገለምሶ ሰባት ሰው እፈትናለሁ። አሁኑኑ አድሱልኝ» አለ።

ጌዲዮን ስሙን አስገባ። ከዚያ ቀስ ብሎ ስክሪኑን አዞረለት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሥራ አራት ዓመትዎ ነው።»

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አብዱልቃዲር ግን ምን ያፍራል? «አይዞህ ታናሽ ወንድሜ፣ አብረን እናድጋለን!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ኃይለሚካኤል ቀላ። ወደ እኔ ዞረ። «ወይዘሮ ሙሉወርቅ፣ እርስዎ ይህን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይክፈቱት!»

«እኔ?» ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። «ምን ቆርጦኝ! እኔ እኮ ብቁ አይደለሁም። አራት ጊዜ የፈረሙበት እርስዎ ነዎት፤ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ወጥተው ያንብቡት። ሐሙስ እፈተን የለ? ያኔ እነካዋለሁ።»

«ሐሙስ አይሆንም! ረቡዕ ገለምሶ መሆን አለብኝ እያልኩዎት!»

«እንግዲህ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ በእግሩ ይሂድ» አለ አብዱልቃዲር።

ኃይለሚካኤል ሰልፉን አየ፣ ቀዩን መስመር አየ፣ እኔን አየ። እውነት ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ግን ሰልፉ ውስጥ ከቦኬ ሌሊት ተነስተው የመጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ምን በደሉኝ? «ፈታኙ እዚህ ነዎት» አልኩት፤ «ተፈታኟም እዚህ ነኝ፣ ሰርቨሩም የትም አልሄደ። ዛሬውኑ ቢፈትኑኝ የሚከለክል አለ?»

ሳያቅማማ ቅጹን አወጣ። «አምስተኛ ፈተና፣ ተጀምሯል» አለና ሰዓቱን ጻፈ። እኔም ቀዩን መስመር ተሻገርኩ።

«አዲስ ባትሪ ከየት ይመጣል?» አለ ጌዲዮን።

«ከአቶ አብዱረዛቅ መኪና ሪሞት። ልኩ አንድ ነው።»

«ኧረ ሙሉ፣ መኪናዬን በምን ልክፈት?» አሉ አቶ አብዱረዛቅ ኪሳቸውን ይዘው።

«በቁልፉ ነዋ! እንደ ድሮው!» እያጉረመረሙ ሰጡኝ።

ካቻቢቴውን ከማንሳቴ በፊት ጌዲዮንን ጠየቅኩት። «ባክአፕ ወስደሃል?»

«ለባትሪ? ለምን ብዬ?»

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ፈተና ላይ መሆኔን ረሳሁት። አላዋቂ ሲጠይቀኝ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «ለምን ትለኛለህ? ሳጥን ሲከፈት እጅህ ይሳሳታል፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ዲስክ ይሞታል። የአርባ ሺህ ሰው ስም እዚህች ውስጥ ነው ያለው! ቅጂውን አንዱን እዚህ፣ አንዱን ሌላ ቤት ታኖራለህ፤ ወስደህ ብቻ አትተወውም፣ መመለስ አለመመለሱን ትሞክረዋለህ። ገለምሶ ያለው የእንቁ ሰርቨር ምን ሆኖ ተቃጠለ መሰለህ?» ቅጂውን እየወሰድኩ ለምን ክፍሉ እንደሚቀዘቅዝ ነገርኩት። ብሎኑን እየፈታሁ ለምን ሰው ሲለቅ የዚያኑ ቀን ፓስወርድ እንደሚቀየር ነገርኩት። ባትሪዋን እያስገባሁ የሰርቨር ቀን ሲሳሳት ምን ምን እንደሚበላሽ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ጉደኛው ጌዲዮንም ማስታወሻ ይይዛል።

ክዳኑን ገጥሜ አስነሳሁት። አጓራ። የማውቀው ጤነኛ ድምፁ ነው። ሆን ብዬ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ቀኑ አልተነቃነቀም። አብዱልቃዲር ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ሰልፉ እልል አለ።

ቀጥሎ የኃይለሚካኤል ፈቃድ ታደሰ። የሚታተምበት ካርድ እኛም ዘንድ አልቆ ነበርና ዩስራ እንደ ደንቡ ጊዜያዊ ወረቀት አትማ፣ ማህተም መትታ ሰጠችው። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። አሁን ይሄዳል ስል ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፋይሉን ከፈተ።

«ቅድም ለጌዲዮን የነገሩት ስለ ባክአፕ» አለ፤ «ጥያቄ ሦስት ነው። ስለ ፓስወርዱ ጥያቄ አሥራ አንድ። ስለ ቅዝቃዜው ጥያቄ ሃያ። እዚህ ግን ሥጋው እንዳይበላሽ ብለው ጽፈዋል።»

«ቅድም ነው የገባኝ» አልኩ።

አራተኛውን ወረቀት መዝዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አጋደለው። እርሳስ ሲጠፋ ጠባሳው እንደሚቀር እንዴት አላሰብኩም? ቀስ እያለ አነበበ፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ እስከ አርባ። ሲጨርስ ድምፁ ተለወጠ።

«አርባ ከአርባ። ቀድሞ ጽፈውት ነበር። መቶ ከመቶ አልፈዋል ወይዘሮ ሙሉወርቅ።» ቅጹ ላይ ጻፈው።

ካቻቢቴውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሃምሳ አንድ ዓመት ያማረኝ ቃል መጥቶ ቦርደዴን ነው ያየሁት። «እባክህ ሰርዘው» አልኩት፤ አንቱታውም ጠፋኝ።

«ለምን? ለምንድን ነው አውቀው የሚወድቁት?»

«አላየህም እንዴ የራስህን ሰርኩላር? ካለፍኩ ታባርረኛለህ! እንቁ አልፋ አሥራ አንድ ወር ቦኬ ተቀምጣለች፤ ካርድ አልቋል ትሏታላችሁ፣ ሰርቨሯ ተቃጠለ። ብቁ ነሽ ብሎ ከሚያስወጣኝ ብቁ አይደለሽም ብሎ የሚያስቀምጠኝ ይሻለኛል ብዬ ነዋ! ሰው እየሳቀብኝ፣ እየተጸለየልኝ፣ እየተነበበልኝ የቻልኩት ለዚህች ሳጥን ነው!»

ኃይለሚካኤል ወለል ወለሉን አየ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ካርድ ከሌለ ምን ማድረግ እችላለሁ?» አለ፤ አዝኖ ነው።

«ያቺን ኪስህ ያለችውን ወረቀት አውጣት» አልኩት።

አወጣት።

«አንብባት።»

«ቋሚው ካርድ ታትሞ እስኪደርስ ድረስ ይህን ወረቀት የያዙት ግለሰብ በፈቃዳቸው መሠረት እንዲያሽከረክሩ ተፈቅዶላቸዋል…» አንብቦ ሳይጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«እኛም ካርድ አልቆብናል» አልኩ። «አንተን ግን ካርድህ እስኪመጣ ቦርደዴ መዝገብ ቤት አላልንህም። ፈተናህን ካለፍክ ንዳ ነው ያልንህ።»

ሰርኩላሩን አውጥቶ እንደገና አነበበ። «ፈቃዱ እጁ እስኪገባ ነው የሚለው» አለ ለራሱ። «ካርዱ አይልም።» ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ለካ ጥርሱ ፍንጭት ነው። «ዩስራ፣ ያንን ወረቀት በወይዘሮ ሙሉወርቅ ስም አድርገሽ ጻፊልኝ። አንድ ደግሞ በእንቁ ስም፤ ረቡዕ ገለምሶ ስጨርስ ቦኬ ድረስ ይዤላት እሄዳለሁ።»

ዩስራ የሾፌሩን ወረቀት ከፍታ «እንዲያሽከረክሩ» የሚለውን ሁሉ «ሰርቨር እንዲያስተዳድሩ» እያለች ቀየረች። እሱ ፈረመ፣ ማህተሙን መታ፣ ሞተሩን ሊያስለቅቅ ሮጠ። አቶ አብዱረዛቅም መኪናቸውን በቁልፍ ከፍተው ሄዱ።

በማግስቱ ወረቀቴን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልክ ነው። ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «ሰርቨር በሚያስተዳድሩበት ጊዜ ሁሉ ሄልሜት ማድረግ ግዴታ ነው።» ዩስራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይስተካከል ቢባል ፈራሚው ወደ ገለምሶ ሄዷል፤ ወረቀቱ ይመለስ፣ እንደገና ይጻፍ፣ እስከዚያ ደግሞ ከመስመሩ ወዲህ ልቀመጥ? እንዴት ተደርጎ! አብዱልቃዲር ድሮ ሞተር ሲነዳ ያደርገው የነበረ ቀይ ሄልሜት ከቤቱ አምጥቶ አዋሰኝ።

ሄልሜቴን አጥልቄ ቀዩን መስመር ስሻገር ጌዲዮን «እትዬ ሙሉ፣ ኧረ ያውልቁት፣ ሰው ያያል!» አለኝ።

«ይየኝ! ሕግ ነው።»

ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አብዱልቃዲር ሰሌዳው ሥር ቆሟል። አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። እንደልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሙሉወርቅ፦ መቶ ከመቶ። ብቁ ናት።»

«ምን አልክ? ሄልሜቱ ጆሮዬን ይዞት አልሰማሁም» አልኩት።

«ሙሉወርቅ፣ ብቁ ናት!»

«እስኪ ጮክ በል።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ውሸቴን ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሰምቼዋለሁ።